የኤረር በሩ አግዳሚና ወይዘሮ ገላነሽ እንደሻው

ክቡራን አባቶች፣ እናቶችና ወንድሞች፤ ከደጀ ሰላሙ ውጭ የቆማችሁም የሶፊና የጊደር መጋላ ጎረቤቶቻችን፤ ይህን ዜና ሕይወት የጻፈው የሟቿ ባለቤት ታናሽ ወንድም ነው። ዕድሜ የተጫነውና ትምህርቱም ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ ሰው በመሆኑ፣ አንዳንዱ ዓመተ ምሕረት ወዲያ ወዲህ ቢል፣ አንዱ የተናገረውም በሌላው አፍ ቢገባበት፣ የምታውቁት በልባችሁ አርሙለት። ለልጃቸው ለጽጌ አስቀድሞ አንብቦላት ያቃናችው አለ፤ ቢሆንም ስሕተት አይጠፋውም።

ወይዘሮ ገላነሽ ከአባታቸው ከአቶ እንደሻውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለተማርያም በ1898 ዓ.ም. ግድም እዚሁ ሐረር፣ ከግንቡ ውስጥ፣ ኤረር በር አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው በወጣትነታቸው ከሸዋ ከጦሩ ጋር መጥተው በዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ። ወይዘሮ ገላነሽ ፊደል የቆጠሩት ቤት ድረስ እየመጡ ያስተምሩ ከነበሩ አንድ መሪጌታ ዘንድ ሲሆን፣ ዳዊት እንደ ጀመሩ ስለ ታጩ ትምህርታቸው በዚያው ተቋረጠ። ኦሮምኛውንና አደርኛውን ግን ማንም ሳያስተምራቸው ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲጫወቱ ለምደውት ነበርና፣ ኋላ ብዙ ሰው የጠቀመው ይኸኛው ትምህርታቸው ነው።

በ1914 ዓ.ም. በኤረር በር ኬላ ጸሐፊ የነበሩትን አቶ ኃይለመስቀልን አግብተው ዓለሙንና ጽጌን ወለዱ። ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ አቶ ኃይለመስቀል ወደ ኦጋዴን ዘምተው እግራቸውን ቆስለው ሲመለሱ፣ ቤቱን የያዙት ወይዘሮ ገላነሽ ነበሩ። ከግንቡ ውስጥ ባለው በጊደር መጋላ ገበያ ቅመም ዘርግተው፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ እየቸረቸሩ ልጆቻቸውን አሳደጉ። በ1933 ዓ.ም. ጠላት ከወጣ በኋላ አቶ ኃይለመስቀል በማዘጋጃ ቤት ሥራ ቢያገኙም፣ እሳቸው ገበያውን አልተዉም፤ ገበያውም እሳቸውን አልተዋቸውም። ከጎናቸው ማሽላ ትሸጥ ከነበረችው፣ ከኤረር በር ወዲያ ካለው ከሶፊ ገጠር ከምትመጣው ከሩቂያ ጋር ጠዋት ተኳርፈው ከሰዓት በኋላ ሲሳሳቁ ያያቸው ሁሉ ይደነቅ ነበር። ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ አቶ ኃይለመስቀል በር ላይ ተቀምጠው «እህ፣ ገላነሽ፤ ዛሬስ ከማን ጋር ተጣላሽ?» ይሏቸዋል። እሳቸውም ነጠላቸውን ሳያወልቁ የገበያውን ወሬ ከዳር እስከ ዳር ይዘረግፉላቸዋል። ትዳራቸው እንዲህ ያለ ነበር።

አቶ ኃይለመስቀል በ1949 ዓ.ም. ዐረፉ። ሐዘኑ ወጥቶ፣ ዘመድ ተበትኖ፣ ዓለሙም ወደ ባቡር ሥራው ወደ ድሬዳዋ ከተመለሰ በኋላ፣ ወይዘሮ ገላነሽ ገበያ መውጣት ተዉ። ቅመማቸው በከረጢቱ ውስጥ ሻገተ። ራሴን ይወጋኛል፣ ደረቴ ላይ ድንጋይ አለ፣ እንቅልፍ ካየሁ ከረምሁ ይሉ ጀመር። ጠበል ተጠመቁ፤ ማር በነጭ ሽንኩርት ተደረገላቸው፤ ምንም ለውጥ አልተገኘም። ከኤረር በር ወጥተው የማያውቁ ይመስል በሩን እንኳ መሻገር አስጠላቸው።

በዚያን ጊዜ ልጃቸው ጽጌ በአንድ ክሊኒክ ድሬሰር ነበረችና፣ እየደገፈች ወስዳ ከበሽተኞቹ አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻቸው። በዚያ አግዳሚ ላይ ሕመማቸው የማይገኝላቸው፣ ግን መመላለስ የማይተዉ ሌሎች ሽማግሌዎችና ባልቴቶችም ይቀመጡ ነበር። ከእነዚህም አንዷ ምላሰኛዋ ወይዘሮ ብዙነሽ፣ አንዱም ጡረታ የወጡት ሃምሳ አለቃ ሙሉጌታ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ተራ ሲጠብቁ ሲያወሩ፣ ሲያወሩ ቆይተው፣ ስማቸው ሲጠራ አንዳንዶቹ ሄደው ይገኛሉ። ሐኪሙ ነገሩ ገርሞት ጽጌን «በሽተኞቼ የት ጠፉ?» ቢላት፣ «ቀለል አለን ብለው ሄዱ» አለችው። እሱም ሥቆ አልተወውም። በሌላ አገር እንዲህ በሐሳብ የታመሙ ሰዎችን አንድ ላይ አስቀምጦ በማነጋገር ማከም እንዳለ፣ በተለይ ለአረጋውያን መድኃኒት ከመስጠት ጎን ለጎን ይህ እንደሚረዳ አስረዳት፤ ቋሚ ቀንና ቦታ ይኑራቸው፣ አንቺም አብረሽ ተቀመጪ አላት። ክሊኒኩ ጠባብ ስለ ነበር ወይዘሮ ገላነሽ «የእኔ ግቢ ባዶውን ነው የሚውለው» አሉ። አንድ እግሩ ያጠረ አሮጌ አግዳሚ ተሰጥቷቸው፣ በድንጋይ ተደግፎ ከግቢያቸው ዋርካ ሥር ተቀመጠ። ቀኑም ማክሰኞ ሆነ፤ ዐርብ ጁምዓ፣ እሑድ ቅዳሴ፣ ቅዳሜ ገበያ ነውና። ሥጋ እንዳያለያያቸው የሚቀርበው ቆሎና የቡና ቅጠል ሆጃ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ግን ነገሩ አልሠመረም። ሁሉም የሚያውቁት የልቅሶ ቤቱን ወግ ነበርና፣ አንዱ ጭንቀቱን ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላው «በቃ፣ ይበቃዎታል» ብሎ ያስቆመዋል፤ የቀረውም የራሱን ሐዘን ይቆልልበታል። የሩቂያ ባል ኦቦ ሙሜ የመጡት በዚህ መካከል ነው። ሩቂያ ሞታ፣ ኦቦ ሙሜ እርሻቸውን ትተው፣ ጫታቸው ሳይለቀም ዛፍ አክሎ፣ ልጃቸው አይሻ በአህያ ጭና አመጣቻቸው። እሳቸውም «ሩቂያ ከሞተች ወዲህ፣ ማታ ማታ…» ብለው ሲጀምሩ፣ አግዳሚው በሙሉ ተንጫጫ።

«አይዞዎት፣ ኦቦ ሙሜ!»

«የአላህ ትእዛዝ ነው፤ ምን ይደረጋል!»

«እኔ ስንቱን ቀብሬ ይኸው ቆሎ እየቆረጠምሁ አይደል?» አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ።

ኦቦ ሙሜ «አልሐምዱሊላህ» ብለው አፋቸውን ዘጉ። በሚቀጥለው ማክሰኞ መጥተው አልተናገሩም። ከዚያ በኋላም አልመጡም። ቆይቶ አይሻ ጫት ልትሸጥ ስትመጣ ወደ ወይዘሮ ገላነሽ ጎራ ብላ፣ አባቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው እንደ ተኙ፣ እህል እንደ ተዉ፣ ውኃም በግድ እንደሆነ፣ «ዱዓ አድርጉልኝና ተዉኝ» እንዳሉ እያለቀሰች ነገረቻቸው።

ወይዘሮ ገላነሽ የዚያን ዕለት ያደረጉት ነገር ይህ ጸሐፊ እስከ ዛሬ የሚያደንቀው ነው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ተሻግረውት የማያውቁትን የኤረር በር፣ የአይሻን አህያ ልጓም ይዘው ወጡ። ጽጌ «እማዬ፣ እኔ ልሂድ፤ አንቺ ራስሽ በሽተኛ ነሽ» ብትላቸው «እንግዲያስ በሽተኛ በሽተኛን ይጠይቅ» ብለው መለሱላት። መንገዱን ሁሉ ደረታቸውን ይዘው እያረፉ ሶፊ ደረሱ።

ከኦቦ ሙሜ መደብ አጠገብ ተቀምጠው አይዞዎትም አላሉም፤ ብሉም አላሉም። እንዲህ ብቻ አሉ።

«ኦቦ ሙሜ፤ ያን ቀን አላስጨረስንዎትም። ሩቂያ ከሞተች ወዲህ፣ ማታ ማታ ምን?»

ኦቦ ሙሜ አልተንቀሳቀሱም። አይሻ ልትናገር ስትል ወይዘሮ ገላነሽ በእጃቸው ከለከሏት። በመጨረሻም ኦቦ ሙሜ ለግድግዳው መናገር ጀመሩ።

«ማታ ከጫቱ ስመለስ፣ አጥሩ ጋ ስደርስ አስላለሁ። እሷ ሳሌን ስትሰማ ‹ግቡ› ትላለች፤ ለሶላት የውዱእ ውኃዬን ታወጣለች። በዕድሜዬ ሙሉ እንዲህ ነው። አሁን አስላለሁ፤ ማንም የለም። ሳላስል ልግባ ብል የሌባ አገባብ ሆነብኝ። ወላሂ፣ እትዬ ገላነሽ፣ አፈርሁ። አጥሩ ጋ ቆሜ ይመሽብኛል። እርሻ ካልሄድሁ፣ መመለስ የለም፤ ካልተመለስሁ፣ ማሳል የለም።»

ያን ጊዜ አይሻ፣ አባቷ ጫታቸውን ለምን እንደ ተዉ ገና ገባት። ወይዘሮ ገላነሽም አላጽናኑም፤ የራሳቸውን ነገሯቸው።

«እኔን ኃይለመስቀል ከማን ጋር ተጣላሽ ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። አሁን ገበያ ብውል የዋልሁትን ለማን እነግረዋለሁ? ደረቴ ላይ ያለው ድንጋይ ይኸው ነው፤ ሐኪም ቤት ልናገረው ስል አልመጣልኝም፤ አሁን ገና አገኘሁት። ዛሬስ ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ፣ ስመለስ ማን ይጠይቀኛል?»

ኦቦ ሙሜ ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ። አይተዋቸው አይተዋቸው «መንገድ ላይ ከማን ጋር ተጣሉ?» አሉ።

«ከአህያዎ ጋር» አሉ ወይዘሮ ገላነሽ። «ምን ያለች ግትር ናት!»

የዚያን ዕለት ኦቦ ሙሜ ሾርባ ጠጡ። በማክሰኞውም ማንም ሳይጭናቸው በእግራቸው መጥተው ከወይዘሮ ገላነሽ አጥር ውጭ ቆመው አሳሉ። ወይዘሮ ገላነሽ ከአግዳሚው ሳይነሡ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ይግቡ!» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የግቢው ሥርዓት ይህ ሆነ፤ የሚመጣ ሁሉ አጥሩ ጋ ያስላል፣ አግዳሚው «ይግቡ» ይላል። ሰው ሲናገር፣ ራሱ ጨረስሁ እስኪል ድረስ አይዞህ ማለት፣ የእኔ ይብሳል ማለትም ተከለከለ። ወይዘሮ ብዙነሽ ይህን ሕግ ሁልጊዜ ያፈርሱ ስለ ነበር፣ የሚናገር ሰው ሲኖር አፋቸው ቆሎ እንዲሞላ ይደረግ ነበር። እሳቸውም «እኔን በቆሎ ነው ያከማችሁኝ» ይሉ ነበር።

ወይዘሮ ገላነሽ ወደ ገበያቸው ተመለሱ፤ ኦቦ ሙሜም ጫታቸውን ገረዙ። ሁሉም ድነዋል ብሎ መጻፍ ግን ውሸት ይሆናል። ሃምሳ አለቃ ሙሉጌታ እየመጡ እየቀሩ፣ በመጨረሻም ቤታቸውን ዘግተው ኖረው አለፉ። ወይዘሮ ገላነሽ በበራቸው ሲያልፉ ቆመው ማሳልን አንድም ቀን አልተዉም፤ መልስ ያገኙበት ቀን ግን ጥቂት ነው። ሐኪሙም ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። ማክሰኞው ግን አልቀረም፤ በእነዚህ ዓመታት በዚያ አግዳሚ ላይ ያልተቀመጠ የሰፈራችን አረጋዊ አለ ለማለት ይከብዳል።

ባለፈው ክረምት የልብ ድካም ሲጠናባቸው የቀድሞውም ድብርት አብሮ ተመለሰና፣ ወይዘሮ ገላነሽ ከሰው ጋር መነጋገር አቆሙ። እነ ወይዘሮ ብዙነሽ አግዳሚውን ተሸክመው ከደጃፋቸው ሥር አኖሩት። በየማክሰኞው እዚያ ተቀምጠው ያወራሉ፤ ከውስጥ መልስ የለም። ጽጌ እናቴ ሳትናገር ልታልፍ ነው ብላ ሰግታ ነበር። ይህ ጸሐፊ የሚኖረው ድሬዳዋ በመሆኑ ወሬውን የሚሰማው ጫት ይዛ ከምትወርደው ከአይሻ ነው። ባለፈው ሐሙስ አይሻ ስታገኘው እንዲህ አለችው፤ በማክሰኞው ኦቦ ሙሜ በምርኩዝ መጥተው፣ አጥሩ ጋ ቆመው አሳሉ። አግዳሚው ላይ ያሉት «ይግቡ» ሊሉ ሲሉ ወይዘሮ ብዙነሽ በእጃቸው ዝም አሰኟቸው፤ የገዛ አፋቸውንም ያዙ። ኦቦ ሙሜ ደግመው አሳሉ። በመጨረሻም ከውስጥ፣ ከአልጋው፣ ቀጭን ድምፅ «ይግቡ» አለ። ገብተውም «ዛሬስ ከማን ጋር ተጣሉ፣ እትዬ ገላነሽ?» ቢሏቸው «ከብዙነሽ ጋር፤ ወሬዋ አያስተኛም» አሉ።

ይህ ጸሐፊ የሰማው የመጨረሻ ወሬ ይህ ነው። ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ ትናንት እስካረፉበት ሰዓት ያለውን ያስታመሙት ያውቃሉና፣ ያላየውን አይጽፍም።

ወይዘሮ ገላነሽ ልጃቸውን ዓለሙን፣ ልጃቸውን ጽጌን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ በዋርካው ሥር የሚሰበሰቡ ወዳጆቻቸውን፣ እዚያ ደጅ ምርኩዛቸውን ተደግፈው የቆሙትን ኦቦ ሙሜንም ትተው ሄደዋል። ማክሰኞም አለ፤ ጽጌ ግቢው እንደማይዘጋ ንገርልኝ ብላለች።

በሰው አጥር ቆመው ያሳሉት፣ የሰውንም ሳል ሰምተው ዝም ያላሉት እናታችን፣ ዛሬ እንደ እንግዳ ከመንግሥተ ሰማያት ደጅ ቆመዋል። የምሕረት ባለቤት እግዚአብሔር ድምፃቸውን ለይቶ «ይግቡ» ይበላቸው። አሜን።