ተከፍቶ የቀረ ሰንጢ

ክቡራትና ክቡራን!

ፀዳለ ሳቀች። ሳቂ። ይህን አባባል ዕድሜዬን ሙሉ በሬዲዮ ስሰማው ኖሬ አንድ ቀን በራሴ አፍ ልሞክረው እመኝ ነበር። ማይክ የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ፣ እንግዲህ ቻሉኝ።

መጀመሪያ ሱፐርቫይዘራችንን ንጉሡን አመሰግናለሁ። በምሳ ሰዓት ሠራተኛውን ሁሉ ለጡረታ ስንብቴ ብሎ ከፓርኪንጉ ቲኬት መቁረጫ ቡዝ አውጥቶ እዚህ ኤሌቬተሩ ፊት ለፊት ማስቀመጥ ቀላል ነገር አይደለም። ውጭ የመኪና ጥሩምባ የሚነፋ ሰው ይሰማኛል፤ ዛሬ ትንሽ ይታገሠን። ፀዳለ፣ ኬኩን ከሴቨን ኮርነርስ ድረስ በአውቶቡስ ጭንሽ ላይ ይዘሽ መምጣትሽን ሰምቻለሁ። ጋጋሪው «ልሳነወቅ» ብሎ ጽፎኛል፤ አንድ ፊደል ጎድሎኝም ቢሆን ደስ ብሎኛል። ከሲልቨር ስፕሪንጉ ፓርኪንግ፣ ድልድዩን ተሻግራችሁ አሌክሳንድሪያ ድረስ የመጣችሁ የድሮ ባልደረቦቼ፣ እናንተ ደግሞ አኮራችሁኝ።

ንጉሡ ንግግሩ አጭር እንዲሆን ለምኖኛል። ቀስ ብሎ በጆሮዬ፣ «ጋሼ፣ የሰንጢውን ነገር ግን ባያነሱት» ብሎኛል። ይቅርታ ንጉሡ። ሌላ የምናገረው ነገር የለኝም።

የሲልቨር ስፕሪንግ ሰዎች፣ ከኬኩ ጎን ነጭ ፎጣ ላይ የተቀመጠውን የተከፈተ ሰንጢ ስታዩት ቆይታችኋል። ለኬኩ የመጣ አይደለም። እባካችሁ ማንም እንዳይነካው። የዚህ ቤት ሰዎች ወንበራቸውን ሁሉ ወደ ግድግዳው ያስጠጉት ቦታ ጠቧቸው መስሏችሁ ይሆናል። ስለ ሰንጢው ነው።

ሰንጢ እንደምወድ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ባልደረባዬ ክፍሉ፣ መጀመሪያ ኪሴ ውስጥ ሰንጢ ያየህ ቀን ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? «ጋሼ፣ ያስቀየመዎት ሰው ካለ ለእኛ ይንገሩን» ነበር ያልከው። እውነትህን ነው፤ በእኛ አገር ሰንጢ የሚይዘው ዱርዬ ነው። በእንግሊዞች አገር ግን ጡረተኛ ነው የሚይዘው። ብርቱካን ይልጥበታል፣ ፖስታ ይከፍትበታል፣ እርሳስ ይቀርጽበታል፣ መልሶ ኪሱ ይከተዋል። ይህን ያስተማረኝ ሚስተር ሃላም ነው።

ሚስተር ሃላም እዚህ ማዶ ያረጁ ካርታዎች የሚሸጥ ሽማግሌ ነበር። የመጣው ሸፊልድ ከሚባል፣ ሰንጢና ቢላዋ ከሚሠራበት የእንግሊዝ ከተማ ነው፤ አባቱ እዚያ ስለት ሲስሉ የኖሩ ሰው ናቸው። መኪናውን ፒ ሦስት፣ ከምድር በታች መጨረሻው ወለል ላይ፣ ከጥጉ ምሰሶ ጎን ያቆማል። ቀትር ሲሆን ብርቱካን ይዞ ወደ ቡዛችን ይመጣል፣ ሰንጢውን አውጥቶ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ግማሹ ለእሱ፣ ግማሹ ለእኔ። ፀዳለን ጨጓራዋን ያቃጥላታል፣ አትበላም።

ያ ሰንጢ ይኸው ነው። እጀታው የአጋዘን ቀንድ ነው፣ ውስጡ በነሐስ የተለበጠ። ስለቱ ጫፉ ሹል አይደለም፤ የበግ እግር ይሉታል። አንድ ቀን ሚስተር ሃላም ጆሮዬ አጠገብ አምጥቶ «ስማው» አለኝና ዘጋው። ጠቅ! «ጥሩ ሰንጢ ይናገራል» አለኝ። «የማይናገር ከሆነ አትግዛ።»

በዚያው ለከፈኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አስፐን ሂል ውስጥ ያርድ ሴል፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ አውጥቶ ሲሸጥ ካየሁ መኪናዬን አቁሜ አሮጌ ሰንጢ በጆሮዬ ስመረምር እውላለሁ። ልጄ ሔራን ከመኪናው ሆና «አባዬ፣ ፒፕል አር ሉኪንግ!» ትለኛለች። ይዩኝ! ዛሬ አንድ ሙሉ መሳቢያ አለኝ። ሰው ጠዋት ክራቫት እንደሚመርጥ እኔ አንዱን መርጬ ኪሴ እከታለሁ። ዛሬ የያዝኩት ባለ ጥቁር ቀንዱን ነው። ለንግግር ቀን ይሄዳል ብዬ።

እንግዲህ ስለ ሕጉ ልንገራችሁ። አንድ ቀን ሚስተር ሃላም ሰንጢውን ከፍቶ እንዳየው ሰጠኝ። አይቼ ስጨርስ ዘጋሁና በሁለት እጄ መለስኩለት። ለሽማግሌ ራቁቱን ስለት ማን ያቀብላል? ፊቱ ግን ልውጥ አለ። ተቀበለኝ፣ መልሶ ከፈተው፣ ራሱ ዘጋው።

«የከፈተው ሰው ነው የሚዘጋው» አለኝ።

«ሌላ ሰው ከዘጋውስ?»

«አባቴ አልነገረኝም። እኔም ፈርቼ አልጠየቅሁትም።»

አሁን ወደ ፀዳለ ጉድ ልምጣ። አትሸፈኚ፣ ሁሉም ያውቀዋል። ፀዳለ በቡዙ ስልክ ከእህቷ ጋር ስታወራ ስንብቷ ከወሬው ይረዝማል። «እሺ፣ አደራ። አደራ እንግዲህ። አደራ እሺ፣ አደራ!» ትልና ትዘጋለች። ሚስተር ሃላም ብርቱካኑን እያኘከ ይሄን ሲሰማ ከረመና «አደራ» ማለት ቻው ማለት ነው ብሎ ደመደመ። አንድ ቀን ሊሄድ ሲል ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ፣ «አዴራ!» አይለንም? በሳቅ ሞትን። ማን ያርመው? ደስ ሲል ተውነው። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አዴራ እያለን ነበር የሚሄደው።

በዘጠና አምስት፣ ከትልቁ በረዶ በፊት ቅጠሉ ሲረግፍ፣ እንደ ልማዱ ቀትር ላይ መጣ። ሰንጢውን ከፈተ፣ ብርቱካኑን ለሁለት ከፈለ፣ የእኔን ሰጠኝ። ከዚያ የኮቱን ኪስ ዳበሰ። «መነጽሬን መኪናው ውስጥ ረሳሁት» አለ። ሰንጢውን እንደተከፈተ እጄ ላይ አኖረው።

«አዴራ» አለኝ።

«እሺ» አልኩት። ኤሌቬተሩ ገባ፣ በሩ ተዘጋ።

የእሱ ግማሽ ብርቱካን ባንኮኒው ላይ ቁጭ አለ። ጥቂት እንደቆየን ፀዳለ «ይሄ ሰውዬ አልዘገየም?» አለች። ክፍሉ በኤሌቬተር ወረደ። የተመለሰው ግን በደረጃ ነው፣ እየሮጠ፤ ስናየው ነገሩ ገባን። ሚስተር ሃላም መሪው ፊት ተቀምጦ፣ መነጽሩን በእጁ እንደያዘ አገኘው። ልቡ ነው አሉ። አምቡላንስ ሲወስደው ቆሜ አየሁ፤ ሰንጢው እጄ ላይ ነበር።

ለዘመዱ ለምን አልሰጠህም ትሉኝ ይሆናል። የወንድሙ ልጅ መኪናውን ሊወስድ ከእንግሊዝ መጣ። ሰንጢውን በፎጣ ይዤ ወጣሁለት። አየው፤ ሁለቱንም እጆቹን ኪሱ ከተተ።

«የከፈተው እሱ ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«እንግዲያው እኔ አልነካውም።»

ይህን ብሎ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። የፓርኪንግ ቲኬቱን እንኳ ረስቶት ነው የሄደው።

ሰንጢው የቡዙ መሳቢያ ውስጥ እንደተከፈተ ተቀመጠ። የድሮ ብረት ብርቱካን ከነካው እንደሚጠቁር እኔ አውቃለሁ፤ ስንቱን ሳጸዳ ኖሬያለሁ። ይሄን ያን ቀን የነካው ጭማቂ ሳይጠረግ ቀረ፤ እስከ ዛሬ ግን ይኸው ያበራል። ሽታውም አልለቀቀውም። ክፍሉ አንድ ቀን ተናደደና «እኔ እዘጋዋለሁ፣ ይገላግለን!» ብሎ ተነሣ። ክፍሉ የጭነት መኪና ጎማ ብቻውን የሚፈታ ሰው ነው። ላብ እስኪያጠምቀው ገፋው። ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ወዲህ ያ መሳቢያ ያለበት ጎን አይቀመጥም። ዋሸሁ ክፍሉ?

ቀጥሎ የኤሌቬተሩ ነገር መጣ። ቀትር ላይ ማንም ሳይጠራው ከፒ ሦስት ይነሣል፣ እኛ ዘንድ ይደርሳል፣ ደወሉ ይጮኻል፣ በሩ ይከፈታል። ባዶ ነው። ወዲያው ይዘጋና ይወርዳል። ንጉሡ መካኒክ አስጠራ፤ መካኒኩ ፈታትቶ «ከእኔ የበለጠ ጤነኛ ነው» ብሎ ሄደ። ፀዳለ ጠበል አምጥታ ረጨች፤ ንጉሡ ሰው አንሸራትቶ እንዳይጥል ብሎ በሞፕ አስጠረገው። በመጨረሻ ፀዳለ ሰላም ትለው ጀመር። «በር ከፍቶ የቆመን ሰው ዝም ማለት ነውር ነው» አለችን። በሕይወቱ ሳለ እሱ ስንለው የኖርነውን ሰውዬ ዛሬ ሁሉም እሳቸው ይላቸዋል። እኔ ብቻ ነኝ ያልለመደልኝ።

አንድ ቀን ቆረጥኩና ሰንጢውን ይዤ ቀትር ላይ በደረጃ ፒ ሦስት ወረድኩ። ምሰሶው ጎን ቆሜ እጄን ዘርግቼ «ይኸው፣ አምጥቼልሃለሁ» አልኩ። ከውሃው ቧንቧ በቀር የሚሰማ የለም። ክንዴ እስኪዝል ቆሜ ተመለስኩ። ፀዳለ ቡዙ በር ላይ ቆማለች።

«ጋሼ፣ የት ሄደው ነው? አሁን መጥተው ሄዱ እኮ» አለችኝ።

ተላለፍን። እኔ በደረጃ ስወርድ እሱ በኤሌቬተር ወጥቷል።

እንግዲህ ሪታየር አደርጋለሁ እያልኩ የቀረሁት ለዚህ ነው። ወገቤን አመመኝ፣ ወረቀቱ አላለቀም ያልኳችሁ ሁሉ ሰበብ ነበር። ሔራን አትላንታ ወልዳለች። ክፍል አዘጋጅታልኛለች። ባለፈው ደውላ፣ «አባዬ፣ ልጄ የሚያውቅህ በፎቶ ነው። ዋት አር ዩ ዌይቲንግ ፎር?» አለችኝ፤ ምን ትጠብቃለህ ማለቷ ነው። ምን ብዬ ልመልስላት? የአንድ እንግሊዛዊ ሰንጢ ክፍት ሆኖብኝ ነው ልበላት?

ንጉሡ ብዙ ጊዜ መክሮኛል። «ጋሼ፣ ሰውዬው እኮ ቻው ማለታቸው ነው። ቃሉን መቼ ያውቁታል?» ይለኛል። ይሆናል። እሱ በየትኛው ቋንቋ እንደተናገረ አላውቅም፤ እኔ ግን የሰማሁት በአማርኛ ነው። እሺም ብያለሁ። ፈርቻለሁ፣ ናፍቄዋለሁም። ሁለቱ አንድ ላይ እንደሚሆኑ እዚህ ነው ያወቅሁት።

ከትናንት ወዲያ ፀዳለ መጥታ፣ «ለእኔ ይስጡኝ። ቃሉን ከእኔ ነው የተማሩት፤ እኔ እይዘዋለሁ፣ እርስዎ ልጅዎ ጋ ይሂዱ» አለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርኩ። ሦስት ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት። እኔ ነጻ እንድወጣ እሷ በየቀኑ ቀትር ላይ ያን በር ትጠብቅ? እምቢ ብል ደግሞ የልጅ ልጄን መቼ ላቅፍ ነው? እስካሁን ስቀባጥር የቆየሁት ቆርጬ መወሰን ስላቃተኝ ነው፤ አሁን ግን ንግግሩም እያለቀብኝ ነው። ፀዳለ፣ ነይ እስቲ። ከእጅ ወደ እጅ አንቀባበልም፤ ከጠረጴዛው ላይ ራስሽ ታነሺዋለሽ።

ቆይ።

ደወሉ ነው? ሰዓቱን ዘንግቼው! የሲልቨር ስፕሪንግ ሰዎች፣ ተቀመጡ፤ አይዟችሁ፣ ምንም አያደርግም። በሩ ይከፈታል፣ ባዶ ነው፣ ይዘጋል። በቃ። ይኸው ተከፈተ። ፀዳለ፣ እንደ ወትሮሽ ሰላም በይው።

ጎሽ። ክፍሉ፣ እግርህን ሰብስብ፤ መንገድ ላይ ዘርግተኸዋል።

ንጉሡ፣ ሌላ ጊዜ በሩ ወዲያው አልነበረም የሚዘጋው? ዛሬ ቆመ።

ብርቱካን የላጠ ሰው አለ እዚህ ውስጥ? ማንም የለም? ይሸተኛል እኮ። እናንተንም ሸቷችኋል፤ አየኋችሁ።

ሰማችሁ?

ማይኩ አይደለም፤ ማይኩ እጄ ውስጥ ነው። ከኋላችን ነው። ሁላችንም ወደ በሩ ስናይ ጠረጴዛውን ያየ አልነበረም። ዙሩ እስቲ። ፀዳለ፣ አንቺ ትቀርቢያለሽ፣ ነክተሽዋል? አልነካሽም። ክፍሉም ግድግዳው ጋ ነው።

ሰንጢው ተዘግቷል።

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። አስፐን ሂልን ሙሉ በጆሮዬ ስፈልገው የኖርኩት ድምፅ ነው።

ሚስተር ሃላም፣ ይኸው፣ እንደሰጠኸኝ ነው ያገኘኸው። መነጽርህንም አግኝተኸዋል መሰለኝ። እንግዲህ ውረድ፣ ዕረፍ፤ እኔም ልሂድበት። አታፍሩብኝ ልጆች፣ እንባ ነው።

በሩ ተዘጋ። ወረደ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ከእንግዲህ ምን እላለሁ? ፀዳለ፣ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፤ ለእኔ ልትሸከሚ ያሰብሽውን እግዚአብሔር በበረከት ይመልስልሽ። ክፍሉ፣ ጉልበትህን አይንሣህ። ንጉሡ፣ መንገድህ ሁሉ የቀና ይሁን፣ ኤሌቬተርህም ጤነኛ ሆኖ ይክረምልህ። የሲልቨር ስፕሪንግ ሰዎች፣ ድልድዩን በሰላም ያሻግራችሁ፤ ማታ ቤታችሁ ስትነግሩ የሚያምናችሁ ሰው አይጥፋ። ሁላችሁንም ስትቀሩ ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚጠብቃችሁ ሰው አያሳጣችሁ። እኔ ለሔራን ዛሬውኑ እደውላለሁ።

ኬኩን ቁረጡ፤ ቢላዋው እዚያ አለ። ሰንጢውን ግን ማንም እንዳይከፍተው።

አደራ።