ሦስት ነጋዴ፣ አንድ ፋብሪካ

እኔ አንዴ ያየሁትን አልረሳም። እዚህ ከተቀመጣችሁት ማን በማን ሠርግ ላይ ሰክሮ እንደወደቀ ሳይቀር አስታውሳለሁ፣ ስለዚህ የሟቹን የሕይወት ታሪክ የማነበው እኔ ነኝ ብዬ ወረቀቱን ከአማቻችን እጅ ነጥቄያለሁ። ሟቹ ታናሽ ወንድሜ ናቸው። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩትን ሰው አንቱ ማለት ምላሴን ቢያደናቅፈውም፣ ለዛሬ እንደ ወጉ ይሁንላቸው። ስልኩን ወደ እኔ አስጠጉት፤ በረራ ተቋርጦባት መምጣት ያልቻለችው አንድያ ልጃቸው በዚያ በኩል እየሰማች ነው።

ወንድሜ ከልብስ ሰፊ እናታችንና ከሰዓት ጠጋኝ አባታችን ሲወለዱ፣ የዕለቱ ዝናብ የጎረቤት ጣራ ይዞ ሄዷል። ካፊያ ነበር የሚሉ አሉ፣ አትስሟቸው። እግር እንዳወጡ የአባታችንን ሰዓት እየፈቱ ሲገጥሙ ሁልጊዜ አንድ ብሎን ይተርፋቸው ስለነበር “ብሎኔ” አልናቸው፣ ስሙም ሳይለቃቸው ኤሌክትሮኒክስ ተምረው ሆስፒታል ውስጥ የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ ሆኑ። ባለቤታቸውን ያገኙት እዚያው ካርድ ክፍል ነው። ያልተበላሸ ፕሪንተር በየቀኑ እየመጡ ሲጠግኑባት ቢሰለቻት አገባቻቸው።

የኩላሊት ማጠቢያ ማሽኖች ሲገቡ እሳቸው እጅ ላይ ወደቁ። ማሽኑ ቁም ሳጥን ያክላል፣ የሚያዘው ግን የጣት ጥፍር የምታክል ቺፕ ናት፤ እሷ ከተቃጠለች ቁም ሳጥኑ ቁም ሳጥን ሆኖ ይቀራል። ወንድሜም አገሮች ሲኳረፉ ንግድ እንደሚዘጋ ያውቁ ስለነበር፣ በአንድ ነጋዴ አልታመንም ብለው በሦስት አገር ሦስት የቺፕ ነጋዴ ያዙ። “እቴቴ፣ አንዱ ቢዘጋብኝ ሁለት አለኝ” እያሉ ይጎርሩብኝ ነበር። “ባልም እንዲህ በመጠባበቂያ ቢያዝ ጥሩ ነበር” ስላቸው በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

ከዚያ የራሳቸው ኩላሊት ከዳቸው። ሌላው በሽተኛ ዓይኑን ጨፍኖ ይታጠባል፣ እሳቸው ጆሯቸውን ማሽኑ ላይ ተክለው ይውላሉ። ነርሷ “ግፊትዎ ወርዷል” ስትላቸው፣ “የእኔን ተይው፣ የእሱ ፓምፕ ነው ድምፁ ያላማረኝ” ይሏታል።

አምና ትልልቆቹ መንግሥታት ተጣሉ። መርከብ ቆመ፣ ቺፕ የሚሠራው ፋብሪካም በሩን ዘጋ። ማሽኖቹ ተራ በተራ ሲሞቱብን ወንድሜ ለመጀመሪያው ነጋዴ ደወሉ፣ የለም። ለሁለተኛው ደወሉ፣ የለም። ሦስተኛው ደግ ሰው ነበርና እውነቱን ነገራቸው፤ ለካ ሦስቱም የሚያመጡት ከዚያው ከአንድ ፋብሪካ ኖሯል። “እቴቴ፣ ነጋዴውን እንጂ ፋብሪካውን አልጠየቅኩም” አሉኝ።

ከሞቱት ማሽኖች ዕቃ እየነቀሉ አንዷን በሥራ ላይ አቆዩ። ለዚያ ሁሉ ሰው አንድ ማሽን ሲሆን ግን ተራው እየራቀ፣ እግር እያበጠ፣ ትንፋሽ እያጠረ ሄደ። ወንድሜም እንደማንኛውም ሰው ተራ ጠበቁ። ቅዱስ ነበሩ ብዬ አልዋሽም፣ ተራው ሲዘገይ ወንበሩን ሁሉ ይራገሙ ነበር። በመጨረሻ በሰውነታቸው የተጠራቀመው ውሃ ሳንባቸው ገባ። ሐሙስ ጠዋት፣ ተራቸው ሳይደርስ፣ ኮታቸውን እንደለበሱ በር በሩን እያዩ አረፉ።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን፣ በስልኩ ውስጥ ያለችውን ልጃቸውን፣ ይህችን ለፍላፊ እህታቸውን፣ ደግሞም እዚያ ኋላ ወንበር ላይ ያበጠ እግራቸውን አንስተው የተቀመጡትን ተራ ጠባቂ ጓደኞቻቸውን ትተዋል። የቀረችው ማሽን ከትናንት ጀምሮ ያንን ያላማራቸውን ድምፅ እያሰማች ነው። አሁን ጆሮ የሚሰጣት ሰው የለም።

ፈጣሪ ወንድሜን ተራ በማይጠበቅበት ቤት ያስገባልኝ፤ የቀረነውንም ይየን።

አንቺ ልጄ፣ ካለሽበት ከተማ አንድ ሆስፒታል የጣለው እንዲህ ያለ ማሽን አለ፣ ቺፑን ይሰጡኝ እንደሆነ ዛሬ ይነግሩኛል ብለሽኛል። አልቅሰሽ ስትጨርሺ ሂጂና ጠይቂያቸው። ከዚያ ዛሬ ማታ መልሰሽ ደውዪልኝ። እነዚህ ተራ ጠባቂዎች የትም አይሄዱም፣ እኔ ቤት ተቀምጠው ይጠብቁሻል። ሰጡኝ ብትዪም፣ ከለከሉኝ ብትዪም፣ ብቻ ደውዪ።