የሚፈታታው የአረቄ ማውጫ

ዝናብ የያዘው ሰው በር አይመርጥም። መድኃኒት ቤቴን ዘግቼ ወደ ቤቴ ሳዘግም ዶፉ ድንገት ወረደና መጀመሪያ ባገኘሁት ክፍት በር ገባሁ። የሰፈራችን ሽማግሌ መዳብ አንጥረኛ የሥራ ክፍል ነበር። እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው አንድ ትልቅ ዕቃ በጉልበታቸው መሐል ይዘዋል። ከቴክኒክ ኮሌጅ የተመረቀችው ልጃቸው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግታ፣ ዳርና ዳሩን በመዶሻና በጉጠት አስይዛ ቆማለች። ኩርፊያ ያለበት ቤት ገና ከደጃፉ ይታወቃል። ውጭው ዝናብ ስለሆነ ግን አውቄ እንዳላወቅሁ ሆንኩ።

«ዶክተር፣ ግባና ዳኘን» አሉኝ። መድኃኒት ሻጭ መሆኔን እያወቁ ዶክተር የሚሉኝ ሊያሾፉብኝ ነው። «ይህች ልጅ አርባ ዓመት የሠራሁትን ሥራ ቆራርጣ ልትጥልብኝ ነው።»

ዕቃው የአረቄ ማውጫ ነው። ድስቱ፣ ክዳኑና ከክዳኑ የሚወጣው ቀጭን ቱቦ ተበያይደው አንድ ወጥ ሆነዋል፤ ያለው ክፍተት አንድ ጠባብ መሙያ ብቻ ነው። ለጥገና ያመጣችው ከጓሮዋ ባለች ክፍል አረቄ እያወጣች የምትተዳደረው ታናሽ እህታቸው ናት። የክዳኑ ዙሪያ ተበርግዶ ነበር።

«ከእጇ ወድቆባት ነው» አሉ ሽማግሌው። «አሁን ድርብ አድርጌ በየድኩት። ከዚህ ቤት የወጣ ዕቃ አያፈስም።»

«አባባ፣ ይህ ዕቃ ከተሠራ ጀምሮ ውስጡን ያየው ሰው አለ?»

«ውስጡ ምን ያደርግልሻል? አረቄው የሚጠጣው ውጭ ነው።»

ሳቅኩ። ልጅቷ አልሳቀችም፤ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«እኔ ያሰብኩት እንዲህ ነው። ድስቱ አፈ ሰፊ ሆኖ ለብቻው ይሁን። በላዩ ዓምድ ይቆማል፤ ዓምዱም ክንድ ክንድ የሚያክሉ ሦስት ቁራጮች ነው፤ ክዳኑና ቱቦው ከአናቱ ይገጠማሉ። ቁራጮቹ ጫፋቸው ላይ ከንፈር አላቸው፤ ከንፈርና ከንፈሩ ይገጥማል፣ መሐሉ ቀለበት ይገባል፣ በመቆለፊያ ይጠብቃል። አክስቴ ጠንካራ አረቄ ስትፈልግ ሦስቱንም ደርድራ ውስጣቸውን በመዳብ ሽቦ ጉንጉን ትሞላለች። ትነቱ ሲወጣ ውሃ የበዛበት እየተንጠባጠበ ይመለሳል፣ ጠንካራው ያልፋል። የጥንስሱ ጣዕም እንዳይጠፋ ከፈለገች አንዱን ብቻ ታቆማለች። የቅጠል ሽታ ልታወጣ ስትፈልግ ደግሞ ቅጠሉን ወንፊት ባለው ቁራጭ ውስጥ ታስቀምጣለች። ስትጨርስ ፈታታ ታጥበዋለች።»

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አሉ አባት። «አራት መገጣጠሚያ ማለት አራት ቀዳዳ ነው። ትነቱ ሾልኮ እሳቱን ቢያገኘውስ? ቤቷ ሲነድ ወረቀትሽን ታነቢላታለሽ?»

ሽማግሌ አዲስ ነገር የሚጠላው ስላልገባው ነው የምንል የተማርን ሰዎች አለን፤ እኔም አንዱ ነኝ። ይህን ስሰማ ግን አፈርኩ፤ ያሉት እውነት ነበር።

ልጅቷም አልካደችም። «ልክ ነዎት አባባ። ስለዚህ ሲገጠም መጀመሪያ የሚፈላው ውሃ ብቻ ነው። የሚያፈስ መገጣጠሚያ በእንፋሎቱ ይታያል፤ እሳቱ ጠፍቶ ጠበቅ ይደረጋል ወይም ይለወጣል። ቱቦ ውስጥ የተሰነቀረ ነገር ግን በምን ይታያል?»

ሊመልሱ ሲሉ እህታቸው ጃንጥላዋን እያራገፈች ገባች። ቀኝ እጇን በሻርፕ ሸፍናለች። ባለፈው ሳምንት የቃጠሎ ቅባት የሸጥኩላት እኔ ነኝ፤ የሻይ ማንቆርቆሪያ ተደፋብኝ ብላኝ ነበር። ከመዳፏ እስከ ክርኗ የተላጠው ቆዳ ግን የሻይ አይመስልም። የሰው ገመና ማውጣት በሙያችን ነውር ስለሆነ ዓይኔን ወደ ደጁ መለስኩ።

«ሻይ ያቃጠለው እጅሽ ተሻለው?» አሏት ወንድሟ። «ዕቃሽ ደርሷል። ከእንግዲህ በሬ ቢረግጠውም አይከፈትም።»

«እጅህ ይባረክ ወንድም ጋሼ» አለች። ወደ ዕቃው ግን አልተጠጋችም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አልኩ፣ ዝናቡን እያየሁ፣ ለማንም ሳይሆን።

ልጅቷ ወደ አክስቷ ዞረች። «ለአባትሽ አትንገሪ ብለሽ አስምለሽኛል። እኔ መሐላዬን አላፈርስም። አንቺን ግን ማንም አላስማለሽም።»

ሴትዮዋ ሻርፑን ገለጥ አደረገች። «ሻይ አይደለም ወንድም ጋሼ። ቅጠል ጨምሬበት ነበር። ጠብታው ሲቆም እሳቱ አነሰ ብዬ ማገዶ ጨመርኩ። ለካስ ቅጠሉ ቱቦውን ደፍኖታል። ጎንበስ ብዬ ላየው ስል ክዳኑ ተበረገደ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሥራህ አንድ ቀን ነቀፋ አግኝቶት አያውቅም። በኔ ይጀመር?»

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። ክፋቱ፣ መከራው አንዱን የሚመክረው አንዳንዴ ሌላውን አቃጥሎ ነው። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው አዲሱን ብየዳ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። በጣም አዘንኩላቸው።

«ድርብ በየድኩት» አሉ ቀስ ብለው። «አሁን ቢደፈን እኮ ክዳኑ አይለቅም። ድስቱ ራሱ ነበር ፊቷ ላይ የሚፈነዳው።»

ተነስተው ወደ ወረቀቱ ሄዱ።

«የመጨረሻው ቱቦ ጫፉ መዝጊያ አለው?»

«የለውም አባባ። ሁልጊዜ ክፍት ነው።»

«ደግ። ብየዳውስ?»

«መርዘኛው የእርሳስ ብረት የሌለበት። የሚጠጣ ነገር ያልፍበታል።»

አንባቢ ሆይ፣ እኔ አረቄ አልወድም፤ የምጽፈውም ጠጡ ለማለት አይደለም። የሚከፈት ዕቃ ይታጠባል፣ ይታያል፣ አንዱ ቁራጭ ቢበላሽ አንዱ ብቻ ይለወጣል፣ ለሦስት ሥራም አንድ ዕቃ ይበቃል። ከሁሉም በላይ፣ የሚሠራበት ሰው ውስጡ ምን እንዳለ እያወቀ እሳት ያነዳል። እኛም ቤት ተበይዶ የተዘጋ፣ አባቶቻችን አያፈስም ያሉን ስንት ነገር አለ።

ዝናቡ አባርቶ ልወጣ ስል ሽማግሌው እርሳስ አንስተው ወረቀቱ ላይ አጎንብሰው ነበር።

«መቆለፊያው በስንት እጅ ይከፈታል?» አሉ።

«በሁለት» አለች ልጃቸው።

ሰረዙት። «በአንድ እጅ የሚከፈት እናድርገው» አሉ። «በግራ።»