ሥዕሎቹን ሊመልስ የሄደው ጠራዥ

ሰውየው ኮፒ ቤት የገባው ካርቶን ሊገዛ ነበር። የሰፈሩ ልጆች «ጋሽ ሙጫ» የሚሉት ይህ አንጋፋ መጽሐፍ ጠራዥ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ፣ ማተሚያው ፊት የቆመችውን የእህቱን ልጅ አየ። ከማሽኑ ተራ በተራ የሚወጡት ወረቀቶች ወፍ፣ አበባ፣ የጥንት ካርታና የሸክላ ማሰሮ ታትሞባቸዋል። ከአብዛኞቹ ግርጌ የከተማው ሙዚየም ስም በደቃቅ ፊደል ሰፍሯል። ጋሽ ሙጫ ስሙን አንብቦ አንዱን ወረቀት ብድግ አደረገ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የዓርቡ ናሙና ሽፋን ነው አጎቴ። ሲያልቅ ላሳይዎት ብዬ ነው እንጂ ልደብቅዎት አልነበረም።»

ዓርብ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ናሙናዎችን አይታ የዓመቱን የጥራዝ ሥራ ለማን እንደምትሰጥ ትወስናለች። የጋሽ ሙጫ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ በወርቅ ቀለም የሚያስጌጠው ሽፋን ቀርቷል፤ ደንበኞቹም አንድ በአንድ ሸሽተውታል። ይህ ሥራ ካመለጠው ሱቁን መዝጋቱ ነው። እንዲህም ሆኖ በዚያ ቅጽበት ያሳሰበው ሱቁ አልነበረም።

ከዓመታት በፊት፣ ከአንድ የግድግዳ ካላንደር ላይ የቆረጣቸውን ፎቶዎች በደብተር ሽፋን ላይ ለጥፎ ሲሸጥ፣ ፎቶ አንሺው ራሱ ሱቁ ድረስ መጥቶ በደንበኞቹ ፊት «ሌባ!» ብሎት ነበር። ጋሽ ሙጫ ሳያውቅ ያደረገው ነገር ነው። ቢሆንም ደብተሮቹን በገዛ እጁ ቀደዳቸው፤ ከዚያ ቀን ወዲህም ከሱቁ የሚወጣው ጥራዝ ወይ ጥቁር ነው ወይ ቡናማ። የደንበኞቹ መሸሽ ምክንያቱ እጁ ብቻ እንዳልሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ የሚነግረው ግን አልነበረም።

«የሰው ንብረት ነው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሙዚየም በዘበኛ የሚጠበቀው በከንቱ ነው?»

«ሥዕሉን ማን ነካው? እዚያው ሙዚየሙ ውስጥ ነው። ምስሉን ለሕዝብ የለቀቀው ሙዚየሙ ራሱ ነው። ሠዓሊው ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል፤ የቅጂ መብቱ ጊዜ አብቅቷል። ቆርጦ ካርድ መሥራትም፣ ሽፋን ማድረግም ለፈለገ ሁሉ የተፈቀደ ነው።»

«ለፈለገ ሁሉ የተፈቀደ ነገር በዚህ ዓለም ላይ አይቼ አላውቅም።»

«የጥንት መጻሕፍት ይጠርዙ የለ? አሳታሚዎቹ ደራሲውን ከመቃብር ቀስቅሰው ነው የሚያስፈቅዱት?»

«ነገረኛ! እናትሽን ነው የወጣሽው» አለና ካርቶኑን ሳይገዛ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ የአጎቷ ሱቅ ስትደርስ በሩ ተዘግቷል፤ በቁልፏ ከፍታ ስትገባ ማታ ጠረጴዛው ላይ ያኖረቻቸው አሥራ ሁለቱ ወረቀቶች የሉም። ጋሽ ሙጫ በጋዜጣ ጠቅልሎ በብብቱ ይዟቸው ሄዷል። ተጠይቆ ከመዋረድ ሳይጠየቅ መመለስ ይሻላል ብሎ አስቧል፤ ከማሽን የወጣ ወረቀት እንዴት እንደሚመለስ ግን አላሰበበትም።

የሙዚየሙ ዘበኛ «ምን ይዘዋል?» ሲለው ጥቅሉን ከብብቱ አወጣ።

«የእናንተን ሥዕሎች... ልመልስ ነው።»

ዘበኛው ክው አለ። በሩን ቀርቅሮ ስልክ አነሳ። ጋሽ ሙጫ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ ሲታሰር፣ እህቱም ስትሰማ ታየው። ጥቂት ቆይቶ የምስል ክፍል ኃላፊዋ እየተጣደፈች ወረደች፤ ጋዜጣውን ፈታ ስታይ ግን ትከሻዋ ረገብ አለ።

«አባቴ፣ ነፍሴን አወጧት እኮ! እነዚህ ቅጂዎች ናቸው።»

«ባለቤታቸው እናንተ አይደላችሁም?»

«እኛ ጠባቂ ነን። የኖሩት መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ሰው ሳያያቸው መቶ ዓመት። ለሁሉም ክፍት ያደረግናቸው ልጆች እንዲቆርጧቸው፣ እንደርስዎ ያለ ባለሙያም ሥራ ላይ እንዲያውላቸው ብለን ነው። ይግቡ፣ አንድ በአንድ ላሳይዎት።»

የእህቱ ልጅ የት እንደሄደ ገምታ እያለከለከች የደረሰችው ይህን ጊዜ ነው። ኃላፊዋ ኮምፒዩተሯን ከፍታ እያንዳንዱን ምስል አወጣች፤ ከሥሩ ያለ ፈቃድ መጠቀም እንደሚቻል ተጽፏል። አሥራ አንዱ አለፈ። ማሰሮው ላይ ስትደርስ ቆም አለች።

«ይሄ ከእኛ ገጽ አይደለም።»

«ከሌላ ቦታ ነው ያገኘሁት» አለች ልጅቷ። «ግን እኮ ማሰሮው የሺህ ዓመት ዕድሜ አለው!»

«ማሰሮውማ የጥንት ነው እህቴ። ፎቶውን ያነሳው ሰው ግን በሕይወት አለ፤ መብቱም የእሱ ነው። ያለ ፈቃዱ አይሆንም።»

ልጅቷ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ጋሽ ሙጫ «አላልኩሽም?» ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ለካ ያኔ በካላንደሩ ጊዜም የጎዳው ምስል መጠቀሙ ሳይሆን፣ ሳይጠይቅና ሳያነብ መጠቀሙ ነበር።

«ስለዚህ የሚነበብ ነገር ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ እኮ እስከዛሬ ዝም ብዬ ነው የፈራሁት።»

«የሚነበብ ነው አጎቴ። እኔም ሳላነብ ነው የደፈርኩት» አለች ልጅቷ።

ሐሙስን ሙሉ ሁለቱ ጎን ለጎን ሠሩ። ማሰሮው ቀርቶ በምትኩ የሙዚየሙ ቢራቢሮ ገባ። ማስዋቡን ሥዕሎቹ ስለተሸከሙለት፣ ጋሽ ሙጫ ሐሳቡን ሁሉ ስፌቱ ላይ አደረገ። ግዴታ ባይሆንም በያንዳንዱ ጥራዝ የመጨረሻ ገጽ የሠዓሊውንና የሙዚየሙን ስም አስጻፈ።

ዓርብ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ መጣች። ወፍ ያለበትን ጥራዝ አንስታ አገላበጠች። 

«ይሄ ወፍ የማነው?»

የእህቱ ልጅ ልትመልስላት አፏን ስትከፍት ጋሽ ሙጫ በእጁ ከለከላት። ጥራዙን ከኃላፊዋ ተቀብሎ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠላት።

«ወፉ የሁላችንም ነው እሜቴ። የእርስዎም፣ የልጆቹም። ስፌቱ ግን የኔ ነው፤ ሳብ ያድርጉት።»

ሴትዮዋ ሳበችው፤ ንቅንቅ አላለም። ጥራዙን በደረቷ ይዛ ለዓመቱ ሥራ የሚሆኑትን እንድትመርጥ ሌሎቹንም እንዲያሳያት ጠየቀችው። ጋሽ ሙጫ ሳጥኑን እየከፈተ የእህቱን ልጅ ዞር ብሎ አያትና «ወንበር አምጪላቸው እንጂ» አለ፤ «ዓመቱን ሙሉ ሽፋን የምናደርግላቸውን ሥዕል ቆመው ሊመርጡ ነው?»