ቮልሷ ዝም ካለች በኋላ

የሰው ወሬ መስማት አልወድም፤ ግን ታክሲ ውስጥ የት ይኬዳል? ከመካኒሳ አቦ ወደ ሀና ማርያም ስንሄድ ከፊቴ ዘይት የነካው ቱታ የለበሱ ሽማግሌና አንዲት ሴትዮ ተቀምጠው ነበር። ሴትዮዋ ናት የጀመረችው።

«ይቅርታ ጋሼ፣ መካኒክ ነዎት?»

«ነኝ እህቴ።»

«የቮልስ ሞተር ቀጭ ቀጭ ማለቱን ካቆመ በኋላ ድምፁን መመለስ ይቻላል?»

«መመለስ? ሰው እኔ ጋ የሚመጣው እንዲጠፋለት ነው!»

«የአባቴ መኪና ናት። እማዬ ዓይኗ አያይም። ያንን ድምፅ ከሩቅ ስትሰማ ተነስታ በር ትከፍትለት ነበር።»

«አባትሽስ?»

«ዘንድሮ አረፈ።»

«ነፍሱን ይማር።»

«አሜን። ወንድሜ እየነዳ ሲመጣም ተነስታ ትከፍት ነበር። እሱ ይህን ማየት አቃተውና ድምፁ እንዲጠፋ መኪናዋን አሠራት።»

«ፑንቴሪያውን፣ የቫልቩን ክፍተት ማለቴ ነው፣ አጥብበውት ነው። እሱ ሲሰፋ ነው እንደዚያ የሚጮኸው።»

«ድምፁ ሲጠፋ "መኪናዋን ሸጣችኋት እንዴ?" ብላ አለቀሰች። እጇን ይዘን ብናስነካት እንኳ "ይቺ የሱ አይደለችም" አለች።»

ሽማግሌው ወደ እሷ ዞሩ።

«ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ ፑንቴሪያውን ላላ ማድረግ ይቻላል። ግን እያደር ይጎዳዋል።»

«ስንት ጊዜ ይቆያል?»

«ቀስ ተብሎ ከተነዳ ሁለት ሦስት ዓመት።»

«እማዬም ከዚያ አታልፍም፣ ጋሼ።»

ቤቴ ስደርስ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ እያለ፣ ተነስተው እንዲከፍቱልኝ በሩን አንኳኳሁ።