ቤቱን ሳይጨምር

ከመገናኛ ወደ አያት በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት ጠና ያሉ ሴትና አንድ ደላላ ናቸው። ፈረንሳይ ሰፈር፣ እንጦጦ ሥር ያለውን የሴትዮዋን ቤት አይቶላቸው መመለሱ ነው።

«ስምንት ሚሊዮን ያወጣል እማማ።»

«ስንት አልክ?»

«ስምንት ሚሊዮን። ቢያንስ።»

«በስመ አብ! ባለቤቴ በጃንሆይ ጊዜ ጣሊያን ግንበኛ ቀጥሮ ነው ያሠራው። ደርግ ሌሎቹን ሲወርስ እሱን ብቻ ነው የተወልን። ግድግዳው ጥርብ ድንጋይ ስለሆነ ነው አይደል?»

«አይ፣ እሱን አልቆጠርኩትም።»

«የዝግባውን ወለልስ?»

«እሱንም።»

«ስምንት መኝታ ቤት አለው እኮ ልጄ።»

«እማማ፣ የገዛው ሰው ያፈርሰዋል። ያልኩዎት ዋጋ የቦታው ነው። እንዲያውም ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ፣ ገዢው ለማፍረሻ ትንሽ ቀንሱልኝ ማለቱ አይቀርም።»



«ታዲያ ውሉ ላይ ቦታ ሸጥኩ ብዬ ነው የምፈርመው?»

«ኧረ እንዳይሉ። መሬት የመንግሥት ነው፣ አይሸጥም። ቤት ሸጥኩ ብለው ነው የሚፈርሙት።»

«የቱን ቤት?»

«ያንኑ ቤት።»

«ዋጋ የለውም ያልከኝን?»

«አዎ፣ እሱን።»

«እንዲህ ከሆነማ፣ የኔ የሆነው ዋጋ የለውም፤ ዋጋ ያለው ደግሞ የኔ አይደለም።»

«አሁን ገባዎት።»

እኔም ፎቶ ኮፒ ላስነሳው የያዝኩትን የአባቴን ቤት ካርታ ከፌስታሉ አውጥቼ፣ አያት እስክንደርስ ደጋግሜ አነበብኩት።