በክሊኒኩ ቋንቋ ማን ያወራኛል?

ጌቶቼ፣ እመቤቶቼ፣ ወሬውን ትንሽ ገታ አድርጉልኝ። ዛሬ ወደ አገራቸው መንዝ የምንሸኛቸው ድሬሰር ጋሽ ወልደገብርኤል ነገሌ የገቡ ዕለት፣ ክሊኒኩ በር ላይ የተቀበልኳቸው እኔ የሺ ነኝ። በወታደር ካሚዮን፣ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጠው ነው የመጡት። ከላይ ዱቄት፣ ከታች ቀይ አቧራ። በሽተኛ መስለውኝ "ይግቡ፣ አልጋ አለ" አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ፣

"የሚመለሰው መኪና መቼ ነው?" አሉኝ።

ይኸው ጋሼ፣ ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ መኪናው መጣልዎ!

ሳቁ፣ ሳቁ። ካፖርታቸውን ታውቁት የለ? በዚህ ሐሩር ከመርፌ ክፍሉ በር ኋላ ተንጠልጥሎ የኖረውን። "ለምን አይሸጡትም?" ስንላቸው "መንዝ ስመለስ ብርዱን በምን ልቻለው?" ይላሉ። በየዓመቱ ለፋሲካ እሄዳለሁ ይሉናል። ፋሲካ ያልፋል፤ ካፖርቱን አራግፈው መልሰው ይሰቅሉታል።

ከመሄድ ምን እንደያዛቸው ልንገራችሁ። የእንግሊዝኛ ትምህርት ነው።

ያኔ ከጦር ሰፈሩ የመቶ አለቃ ኃይሌ እየመጡ ከሥራ በኋላ እንግሊዝኛ ያስተምሩን ነበር። ተማሪዎቹ ጋሼ፣ እኔና አስተርጓሚያችን ዳዳቻ ነን። የመቶ አለቃው አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ክፍል ውስጥ አማርኛ የተናገረ ቆሞ ይማራል። ዳዳቻ የቦረና ልጅ አይደል? እንግሊዝኛው ሲያልቅበት በኦሮምኛ ሞላው። የመቶ አለቃው ቆጣ ብለው ብድግ አሉ፤ አሰቡ አሰቡና ተቀመጡ። ሕጉ ኦሮምኛን አልከለከለማ!

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለን? "አካም ዩ?" ይላል ዳዳቻ፣ እንዴት ነዎት ማለቱ ነው። "አይ አም ናጋ፣ ቬሪ ናጋ" ይላሉ ጋሼ፣ ደህና ነኝ፣ በጣም ሰላም ነኝ ማለታቸው ነው። የመንዙ ሰው እንግሊዝኛ ሊማሩ ገብተው ኦሮምኛ ተምረው ወጡ። እንግሊዝኛውማ ያው እንደምታውቁት ነው።

ነገሩ ከክፍል ወጥቶ ክሊኒኩን ወረሰው። በሽተኞቹም ለመዱት። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ መጡ። ጋሼ ከአሬሮ የመጡ ሽማግሌ አስተኝተው ሆዳቸውን ይዳስሳሉ።

"አባ፣ ገራ ፔይን ጂራ?" ሆድዎን ያምዎታል ወይ ነው።

ሽማግሌው ኮራ ብለው "ሂንጂሩ! ገራ ቬሪ ጉድ!" የለም፣ ሆዴ በጣም ደህና ነው።

ተቆጣጣሪው መነጽራቸውን አወለቁ። "ይህ ደግሞ የማን ቋንቋ ነው?"

"የክሊኒኩ" አሉ ጋሼ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

አሁን ሳቁን ልተወው። የመቶ አለቃ ኃይሌ ወደ ሐረር ተዛወሩ። ዳዳቻ አምና በጉበት ታመመብን። ጋሼ ከአልጋው አጠገብ አልጠፉም። "ፔይን ጂራ?" ይሉታል። "ጂራ፣ ስሞል" ብሎ ይስቅባቸዋል። ሕመሙ ትንሽ እንዳልነበረ ሦስታችንም እናውቅ ነበር። እሱን ከቀበርነው በኋላ በዚያ ቋንቋ የምናወራ ሁለት ሰዎች ቀረን።

አዲሶቹ ልጆች ሲሰሙን ይስቃሉ። ይሳቁ፣ ደግ ነው፤ ግን አይመልሱም። ጋሼ ጠዋት ሲገቡ አንዲት ቃል ጣል ያደርጉልኛል፣ እኔም እመልሳለሁ። ያን ጊዜ ዳዳቻ በሩን ተደግፎ የቆመ፣ የመቶ አለቃውም ሰሌዳ እየጠረጉ ያሉ ይመስለኛል። ከሰኞ ጀምሮ ማን ጣል ያደርግልኛል? ብቻዬን ላውራው?

ይቅሩ እንዳልልዎ ልጅዎ መንዝ እየጠበቀችዎ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት መንዝን ሲናፍቁ አይቻለሁ። መናፈቅን ያየሁት ከአንቱ ነው፤ አሁን ተራዬ ደረሰ።

ቁስል መስፋት ያስተማሩኝ አንቱ ነዎት። መርፌውን መጀመሪያ ስይዝ እጅዎን ከእጄ ሥር አድርገው "አለሁ፣ ስፊ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው ሰፋሁ! እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። በእኔም፣ በዳዳቻም ስም።

በሉ ብርጭቆአችሁን አንሱ። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ የልጅ ልጅ ይሳሙ፤ የመንዝ ብርድ ይራራልዎ። ዘመድ ተሰብስቦ እንደምን ከረሙ ሲልዎ ምላስዎ ወደኛ ቢያመልጥ አደራ አያርሙት። ግራ ይግባቸው። እኔ ባልሰማውም እዚያ አንድ ሰው በቋንቋችን ተናገረ ማለት ነው።

ለጤናዎ! ይኸው ጠጣሁ። ይጠጡ እንጂ ጋሼ፣ ምን ያስለቅስዎታል? እኔስ እስካሁን ችዬ የለ?